ጉበቴ ነው እንጂ ጎሜ አይደለም

አልናዘዝም አልኩ። ዛሬም የምለው ይህንኑ ነው። ያልሠራሁትን ሠራሁ ብዬ በሽማግሌ ፊት አላጎነብስም።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። እኛ ጋሞዎች ጎሜ የምንለው ነገር አለ። ሰው የተከለከለ ነገር ሲያደርግ፣ ድንበር ሲገፋ፣ ታላቁን ሲደፍር፣ የሌላውን የውሃ ተራ ሲሰርቅ ጎሜ ይሆንበታል። ጎሜ ደግሞ ተደብቆ አይቀርም፤ ዞሮ ዞሮ ራሱን ወይም ልጁን ወይም ከብቱን ይይዛል ይባላል። ስለዚህ ሰው ሲታመም "ምን አጥፍተህ ነው?" ተብሎ ይጠየቃል። ሽማግሌዎች ዱቡሻ በምንለው የመሰብሰቢያ ሜዳ ላይ ይቀመጣሉ፤ በሽተኛው ያጠፋውን ይናገራል፣ ይታረቃል፣ ይነጻል። እኔም ከሽማግሌዎቹ ጋር እርጥብ ሣር ይዤ ተቀምጬ ስንቱን "ተናገር ወንድሜ፣ ይቅለልህ" ብያለሁ። ብዙው ተናግሮ፣ ቀሎት ሲሄድም አይቻለሁ። ልማዱን የምንቅ ሰው አይደለሁም። አባቴም በእሱ ኖሮ በእሱ ሞቷል። እኔ እንቢ ያልኩት ልማዱን አይደለም፤ ውሸቱን ነው።

የተወለድኩት ጨንቻ ነው፣ ደጋው ላይ። ትምህርት ብዙ የለኝም፤ ፊደሉን ያወቅሁት ጎልማሳ ከሆንኩ በኋላ ነው። ጎልማሳ ሳልሆን ግን ወደ ቆላው ወርጄ ኩልፎ ወንዝ ዳር ሰፈርኩ። መጀመሪያ የሰው ሙዝ አረምኩ፣ ቆይቼ የራሴን ተከልኩ። ዕድሜዬን የጨረስኩት ውሃ ውስጥ ቆሜ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ቦይ ሲደፈን የሚጠርገው፣ ግድብ ሲፈርስ በሳር በጭቃ የሚጠቀጥቀው እኔ ነበርኩ። ጫማ አናውቅም፤ ሱሪ እስከ ጉልበት መጠቅለል ነው። በኋላ ሰዉ ተሰብስቦ የውሃ አባት አደረገኝ። የውሃ አባት ማለት ተራ የሚጠብቅ ማለት ነው። የማን ማሳ ዛሬ ይጠጣል፣ የማን ነገ፣ የትኛው በር መቼ ተከፍቶ መቼ ይዘጋል፣ ይህን የሚያዝ እሱ ነው። ሥራው ቀላል ይመስላል። በበጋ፣ ውሃው ሲያጥር፣ ሰው ወንድሙን በአካፋ የሚያሳድድበት ሥራ ነው። ያን ሁሉ ዓመት አንድም ቀን የሰው ተራ ለሌላ አልሰጠሁም። ለራሴማ እንዴት ብዬ!

ሆዴ መነፋት የጀመረው ካረጀሁ በኋላ ነው። እግሬ ያብጥ ነበር፣ ዓይኔ ቢጫ አለ። ጤና ጣቢያ ሄጄ ጉበትህ ነው አሉኝ። ሰፈሩ ወዲያው ፈረደ፦ "ጉበት? አሃ፣ ደብቆ አረቄ ይጠጣ ነበር።" እኔ በዕድሜዬ የጠጣሁት ከእህል የሚጠመቅ ቦርዴ ነው፣ እሱም ለደቦ። ሐኪሞቹ እንዳሉኝ ግን አንድም ከውሃ ውስጥ በቆዳ የሚገባ ትል፣ ቢልሃርዚያ የሚሉት፣ አንድም በደም የሚተላለፍ ቫይረስ ጉበቴን ቀስ እያሉ ጠባሳ አድርገውታል። ጠባሳ ተመልሶ ሥጋ አይሆንም። ይሁን ብዬ፣ የሰጡኝን እየዋጥኩ ሥራዬን ቀጠልኩ።

መስቀል መጣ። መስቀል በጋሞ ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ይከብዳል። ዓመቱን ሙሉ ሽሮና ጎመን የበላ ሰው ያን ሰሞን ሥጋ ብቻ ነው የሚበላው። ጎረቤታሞች ቀድመው ያዋጡና በሬ ያርዳሉ፣ ይካፈላሉ። ቆላ የወረደው ሁሉ ወደ ደጋው ወደ ታላቁ ቤት ይወጣል። እኔም ወጣሁ፣ ወደ ታላቅ ወንድሜ። አባታችን ካለፈ ወዲህ አባቴ እሱ ነው። የሥጋውን ምርጥ በገዛ እጁ ቆርጦ ያጎርሰኛል፤ ታላቅ ሲያጎርስህ ደግሞ አፍህን አትዘጋም።

"ብላ! ከስተሃል" ይለኛል።

"ጠገብኩ እኮ።"

"ቆላ ሰው ያከሳል። ብላ፣ ደም ይሆንሃል።"

ቆጮው አለ፣ ቅቤው አለ፣ ሥጋው አለ። ሆዴ ግን ከደረስኩ ጀምሮ እንደ ተደፈነ ቦይ ዝም ብሏል። ሽማግሌ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ለማን ይናገራል? ስመለስ ደግሞ ወንድሜ የደረቀ ቋንጣ በቅርጫት አስይዞ ሸኘኝ፤ "ባለቤትህ እየቀቀለች ታብላህ" ብሎ። እሷም እንደታዘዘችው አበላችኝ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ባለቤቴ የነገረችኝን ነው የምጽፈው፤ እኔ ትንሽ ትንሹን ብቻ ነው የማስታውሰው። ቀን እንቅልፍ፣ ሌሊት መንቃት ጀመርኩ አሉ። ሸሚዜን ገልብጬ ለብሼ ስትነግረኝ ተቆጣሁ። እኔ ደግሞ ቁጣ አላውቅም፤ እሷ የደነገጠችው በሸሚዙ ሳይሆን በቁጣው ነው። ብርጭቆ ስይዝ እጄ ይርገፈገፋል። በአማርኛ ስትጠይቀኝ በጋሞኛ እመልሳለሁ፣ በጋሞኛ ስትጠይቀኝ ጭራሽ የማልመልስበት ጊዜ ነበር።

አንድ ቀን ፀሐይ አናት ላይ ሳለች ከቤት ጠፋሁ። ያገኙኝ ቦዩ ላይ ነው። የጎረቤቴን በር ከፍቼ፣ ያለ ተራው፣ ውሃውን ሙሉውን ለቅቄበታለሁ። ማሳው ላይ ገና ትላንት የተተከለ የበርበሬ ችግኝ ነበር፤ በርበሬ ደግሞ ውሃ ሲተኛበት ሥሩ ይበሰብሳል። እኔ ሱሪዬን ትከሻዬ ላይ ጥዬ፣ መሃል ቦዩ ቆሜ፣ ውሃውን በእጄ "ሂድ፣ ሂድ" እላለሁ አሉ።

ጎረቤቴ መጣ። የሀገሬ ልጅ ነው፣ አንድ ላይ ነው ከደጋ የወረድነው።

"አንተ ሰው! ምን እያደረግክ ነው?"

"ተራው ነው" አልኩት አሉ።

"የማን ተራ?"

"የውሃው።"

ሰዉ ሳቀ። እሱ ግን አልሳቀም። ችግኙ ላይ ሲሮጥ፣ ውሃውን በእግሩ ሲገፋ፣ የሚገፋው ውሃ ሲመለስበት አለቀሰ አሉ። ይህን ስሰማ እኔም አዝኛለሁ። ለበርበሬው እስከ ዛሬ አዝናለሁ።

ያን ቀን ማታውን ወሬው ጨንቻ ደረሰ፤ ስልክ መጥቶ የለ እንዴ። ወንድሜ ጠዋት በመጀመሪያው መኪና ወረደ። ቤቴ ገብቶ ሲያየኝ ያለው ነገር አንድ ነው፦ "ጎሜ ይዞታል። የውሃ አባት በውሃ ተያዘ። ድሮ የሰረቀው ውሃ አለ ማለት ነው፤ ይናገር።"

ለሰሚው እንዴት እንደሚጥም አያችሁ? የእንጨት ሥራ የሚያጭበረብር በመጋዝ ይቆረጣል፣ ውሃ የሚሰርቅ በውሃ ያብዳል። ሰዉ ወዲያው ተቀበለው። ጎረቤቴም "ድሮም ጠርጥሬ ነበር፣ በበጋ ውሃው የት እንደሚደርስ አይገባኝም ነበር" አለ። በበጋ ውሃው የትም አልደረሰም፤ ኩልፎ ራሱ ነው የሚያጥረው። ግን ያን ቀን መልስ የምሰጥበት አእምሮ አልነበረኝም፤ ተኝቼ ጣራውን አያለሁ።

ባለቤቴ ብልህ ሴት ናት። ወንድሜን "እሺ ይናዘዛል፣ መናገር ሲችል" አለችው። ከዚያ በባጃጅ ጭና ሐኪም ቤት ወሰደችኝ።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ በዕድሜ የልጄ ልጅ ትሆናለች። "አባቴ፣ እጅዎን ወደፊት ዘርግተው መዳፍዎን ቀጥ ያድርጉልኝ፣ መኪና እንደሚያስቆም ትራፊክ" አለችኝ። ዘረጋሁ። መዳፌ ነፋስ እንደነካው የሙዝ ቅጠል ወደቅ ቀና፣ ወደቅ ቀና አለ። ባለቤቴ አማተበች።

"የት ነው ያሉት አሁን?"

"ቦዩ ላይ" አልኳት አሉ።

ዞራ ባለቤቴን ጠየቀቻት፦ "እማማ፣ ሆዳቸው ከሄደ ቆየ እንዴ?"

"ልጄ እኔ በምን አውቃለሁ? እሱ እንደ ሙሽራ ተደብቆ ነው የሚወጣ።"

ሐኪሟ ሳቀች፣ ቀጥላም አዘዘች። አንድ ወፍራም፣ ማር የመሰለ ሽሮፕ አመጡ። እሱ ምን እንደሚሠራ በዝርዝር አልጽፍም፤ የተደፈነው ሁሉ ተከፈተ ብዬ ልለፈው። ባለቤቴ ግን ለሚሰማትም ለማይሰማትም ትተርካለች። ደጋግሞ ተከፈተ፣ ታጠበ፣ እኔም ከታች የጸዳሁትን ያህል ከላይ ጸዳሁ። ነቅቼ መጀመሪያ የጠየቅሁት "ቦዩን ማን ያዘው?" ብዬ ነው። ባለቤቴ ያኔ ነው ያለቀሰችው፤ እስከዚያ አላለቀሰችም።

ሐኪሟ ሌላ ቀን ስትመጣ ያዝኳት። "ልጄ፣ እኔ የምመለስበት ቦታ 'ተናዘዝ' የሚሉኝ ሰዎች አሉ። እኔ ምን ሆኜ ነው? እውነቱን ንገሪኝ፣ ሳታለዝቢው" አልኳት። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ጊዜ እንደሌላት እየታየኝ ተቀመጠች፤ ይህን አልረሳላትም።

ምግብ አንጀት ውስጥ ሲፈጭ፣ ሥጋ ሲሆን ደግሞ በብዛት፣ አሞኒያ የሚባል ነገር ይወጣዋል አለችኝ። ሽታውን አውቀዋለሁ፤ ተዘግቶ የከረመ የፍየል ጋጣ ሲከፈት ዓይን የሚያቃጥለው እሱ ነው። ሆድ ሲደርቅ ደግሞ እዚያው እየተመረተ ይከማቻል። ጤነኛ ጉበት ይህን ከደም ለቅሞ፣ ለውጦ፣ በሽንት እንዲወጣ ያደርገዋል። የኔ ጉበት ጠባሳ ስለሆነ እኩሉን ማጽዳት አቃተው፣ እኩሉ ደም ደግሞ በጎን በኩል ሾልኮ አለፈው። አሞኒያውን እንደተሸከመ ጭንቅላት ደረሰ።

"እና አበድኩ።"

"አላበዱም አባቴ። ተመርዘው ነው።"

ከዚያ በመድኃኒት ካርቶን ጀርባ ላይ ሥዕል ሣለችልኝ። ጭንቅላት ውስጥ የሚያስቡት ሴሎች ብቻቸውን አይደሉም አለች። በጎናቸው የኮከብ መልክ ያላቸው ሌሎች አሉ። እነዚህ አያስቡም፤ ለሚያስቡት ይሠራሉ። ምግብ ያቀብሏቸዋል፣ ቆሻሻቸውን ያነሡላቸዋል፣ አንዱ ነርቭ ለሌላው የላከው መልእክት ሲተርፍ ይለቅሙታል። አሞኒያ ሲመጣም የሚቀበሉት እነሱ ናቸው። ሌላ ነገር አድርገው ሊያለዝቡት ይሞክራሉ፤ ሲበዛባቸው ራሳቸው ያብጣሉ።

"ዋናው ጣጣ ግን ካልሲየም ላይ ነው" አለች።

"ካልሲየም አጥንት ውስጥ አይደለም እንዴ?"

"አብዛኛው አጥንት ውስጥ ነው። ግን ሴል ውስጥም ትንሽ አለ፤ ትንሽ መሆኗ ነው ቁም ነገሩ።"

ካልሲየምን እኔ የማውቀው በምንጫችን ውሃ ነው፤ ማንቆርቆሪያ ታች የሚጋገረው ነጭ ነገር የእሱ ዘር ነው ይላሉ። እነዚያ ኮከብ የመሰሉት ሴሎች ግን ካልሲየምን ለመነጋገሪያ ነው የሚይዙት። በውስጣቸው ማከማቻ አላቸው፤ እዚያ ዘግተው ያስቀምጡታል። ምልክት ሲመጣ ትንሽ ይለቃሉ፣ ሥራው ሲያልቅ መልሰው ይሰበስቡታል። መልቀቅና መሰብሰቡ ልኩን ሲጠብቅ ሁሉም ደህና ነው። አሞኒያ ሲገባ ግን ማከማቻው ያለ ጊዜው ይከፈታል። ካልሲየሙ ሴሉ ውስጥ ይበዛል፣ ይዋዥቃል፣ እንደ ልማዱ አይመለስም። ያኔ ሴሉ መልቀቅ የሌለበትን መልእክት ይለቃል፣ ማንሣት ያለበትን አያነሣም። ነርቮቹም ግራ ይገባቸዋል። እጅ ይርገፈገፋል፣ ቀኑ ሌሊት ይሆናል፣ ሰውየው ሱሪውን ትከሻው ላይ ይጥላል።

እኔ ነገሩ የገባኝ በቦይ በሮቼ በኩል ነው። "ልጄ፣ በራሴ ውስጥ ያሉት የውሃ አባቶች ሰከሩ እያልሽኝ ነው" አልኳት።

ሳቀች። "ልክ እንደዚያ ባይሆንም ቅርብ ነው። ግን አባቴ፣ ይህን አብዛኛውን ያዩት ሴሎቹን ከአካል አውጥተው አሞኒያ እየጨመሩባቸው ነው። ሕያው ሰው ጭንቅላት ውስጥ ሁሉም እንዴት እንደሚሄድ ገና አልታወቀም። አሞኒያው ከየት እንደመጣና እንዴት እንደሚወጣ ግን እናውቃለን።"

"ጎሜ ውስጡ የለበትም?"

እሷም የዚሁ አገር ልጅ ናት። "እኔ በደምዎ ያየሁትን ነው የነገርኩዎት" አለች። "ሌላውን እርስዎ ነዎት የሚያውቁት።"

አዎ፣ እኔ ነኝ የማውቀው።

ቤት ስመለስ ዱቡሻው ቀን ተቆርጦለት ጠበቀኝ። ጠዋት ባለቤቴ ባቄላ እየለቀመች ልታለዝበኝ ሞከረች።

"አንዴ 'አጥፍቻለሁ' ብትል ምላስህ ይወልቃል?"

"ምላሴ አይወልቅም።"

"ታዲያ? በል በላቸውና ይታረቁህ። ወንድምህን ልታጣ ነው። እሱ 'አልነጻህም' ካለህ ከአንተ ጋር አይበላም፣ ለቅሶህም አይመጣም።"

"ሰረቅኩ ካልኩ በኋላ የምናገረውን ሁሉ ማን ያምነኛል? አንቺስ ታምኚኛለሽ?"

"እኔ ድሮም አላምንህ" አለች፣ ግን ባቄላው ላይ አጎንብሳ ነበር፣ ዓይኗን አላየሁትም።

ዱቡሻችን ወንዙ አጠገብ፣ ትልቁ ሾላ ሥር ነው። ሽማግሌዎቹ ድንጋዮቹ ላይ ተቀምጠዋል። እኔ በወትሮው የምቀመጥበት ድንጋይ አለ፤ ያን ቀን ከፊት ለፊታቸው፣ መሬት ላይ አስቀመጡኝ። አዋራጅ አይደለም፤ ሁሉም ባለጉዳይ እዚያ ነው። ግን ከታች ሆኖ ሲያዩት ያው ሾላ ሌላ ዛፍ ይመስላል።

ወንድሜ ተነሥቶ ተናገረ። ደህና ተናጋሪ ነው፣ ከአባታችን ወርሶታል። "ወንድሜ ክፉ ሰው አይደለም" አለ። "ሰው ነው ግን። ሰው ይሳሳታል። የውሃ አባት የሆነ ሰው በጠራራ ፀሐይ የሰው ተራ ላይ ውሃ የሚለቀው የሚነዳው ነገር ቢኖር ነው። ይናገርና ይንጻ። እኔ የምፈልገው ወንድሜን ነው።" የመጨረሻውን ሲል ድምፁ ተሰበረ። ውሸት አልነበረውም።

ሰብሳቢው ሽማግሌ ወደኔ ዞሩ። "እህ፣ ምን ትላለህ?"

"ችግኙን ያጠፋው እጄ ነው" አልኩ። "እጄ ያጠፋውን እጄ ይተክላል፤ ይህን ማንም ሳያዘኝ እላለሁ። ውሃ ግን ሰርቄ አላውቅም።"

"በሽታውስ?"

እንደገባኝ ነገርኳቸው። ጉበቱን፣ አሞኒያውን፣ ኮከብ የሚመስሉትን ሴሎች፣ ያለ ጊዜው የተከፈተውን ማከማቻ። ሰዉ ያዳምጣል፤ አንዳንዱ ራሱን ይነቀንቃል፣ አንዳንዱ ይስቃል። ጎረቤቴ "ጭንቅላቱ ውስጥ ቦይ አለ ነው የሚለን?" ብሎ አሳቃቸው። እኔም ሳቅሁ። አዎ አልኩት፣ አንተም አለህ፣ እስካሁን አልተደፈነብህም እንጂ።

"ከየት መጣ ይኼ አሞኒያ?" አለ አንዱ ሽማግሌ።

"ሥጋ በዝቶ፣ ሆድ ሲደርቅ።"

ይህን ስል ወንድሜ ከተቀመጠበት ብድግ አለ። ፊቱ ጠቆረ።

"በለዋ! ሥጋዬ ነው ያሳበደኝ በል! ታላቅህ በእጁ ያጎረሰህ ሥጋ መርዝ ነበር በል በሰው ፊት!"

ያኔ ነው የገባኝ። እስከዚያ ሰዓት ድረስ ወንድሜ ለምን እንዲያ እንደጠነከረብኝ አልገባኝም ነበር። ጎሜ ካልሆነ የእሱ እጅ ሊሆን ነው፤ ያጎረሰኝ እጅ። ይህን መሸከም አልቻለም። ከዚያ የኔ ሌባ መሆን ይቀለዋል። አልፈረድኩበትም። ግን ሸክሙን ላቀልለት ብዬ ሌባ አልሆንም።

"ሥጋህ ጥሩ ሥጋ ነበር" አልኩት። "ሌላው ሁሉ በልቶት ደህና ነው። የታመመው ጉበቴ ነው። ሆዴ መድረቁን ያልነገርኩህ እኔ ነኝ፤ አንተም አልጠየቅህም፣ ደግሞስ ማን ይጠይቃል?"

"ተናዘዝ!" አለ።

ሰብሳቢው ሣራቸውን አነሡ፣ ሰዉ ጸጥ አለ። "ልጄ" አሉኝ፤ እኔን በዚህ ዕድሜዬ ልጄ የሚሉኝ እሳቸው ብቻ ናቸው፣ "ትንሽ ነገር ብትናገር ምን አለበት? ሰው ሆኖ ያላጠፋ የለም። አንዱን ፈልገህ ተናገርና ሰላም ይውረድ።"

"አባቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?"

"ጠይቅ።"

"ዱቡሻ ላይ መዋሸት ጎሜ ነው ወይስ አይደለም?"

ሣራቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩት።

"ነው" አሉ።

"እንግዲያው ጎሜ የሌለብኝን ሰው በጎሜ ልታነጹኝ ነው? ሰረቅኩ ብዬ ከምድን፣ አልሰረቅኩም ብዬ ብታመም ይሻለኛል።"

ረጅም ጊዜ ተንሾካሾኩ። እኔ ስንት ጊዜ ከእነሱ ጋር ተንሾካሹኬያለሁ፤ ከፊት ሆኖ መጠበቅ እንዲህ እንደሚያስጨንቅ አላውቅም ነበር። በመጨረሻ ሰብሳቢው ተናገሩ። ሰው በግድ አይናዘዝም አሉ። ችግኙን ይተካ። በሩን ለጊዜው ሌላ ሰው ይያዝ፤ ደህና መሆኑን እስክናይ። ሌላው ግን ይቆይ፣ አልተዘጋም።

"እኔ ጋ ተዘግቷል" አለ ወንድሜ። "እስኪናዘዝ ከገበታዬ አይቀርብም።" ጋቢውን አጣፍቶ ሄደ። ወደ መናኸሪያ ሲሄድ ባለቤቴ ምሳ ሠርታ ጠብቃው ነበር፤ በደጃችን አልፎ ሄደ።

በሩን ለሌላ ሰው ማስረከቤ አላሳመመኝም ብል እዋሻለሁ። ግን ትክክል ናቸው፤ አእምሮው የሚከዳው ሰው ውሃ አይጠብቅም። በርበሬውን ወዲያው መትከል ጀመርኩ። ጎረቤቴ መጣና ጥላ ሥር ተቀመጠ።

"ብትናዘዝ ኖሮ እረዳህ ነበር" አለኝ።

"ቁጭ በል፣ አልጠየቅኩህም።"

"ያኛው ጠሟል።"

"ታዲያ ነቅለህ አቅናው።"

አልተነሣም። መናገሩን ግን አላቆመም፤ የሱን የበርበሬ አተካከል፣ የኔን የበርበሬ አተካከል፣ የአባቱን የበርበሬ አተካከል። እኔ እየተከልኩ ሰማሁ። ሰው በሌባ አጠገብ ያን ያህል ጊዜ ቁጭ ብሎ አያወራም፤ ይህንን አልነገርኩትም።

የወንድሜ ነገር ግን አላስተኛኝም። አንድ ጠዋት ስኳር ድንች ቀቅዬ በጨርቅ ቋጠርኩና ጨንቻ ወጣሁ። ከሐኪም ቤት ያስያዙኝን ሽሮፕ ጠጥቶ በዚያ ጠመዝማዛ መንገድ ሚኒባስ መሳፈር ድፍረት ይጠይቃል፤ ስንሳፈር ለሾፌሩ "ስጠራህ ቁም፣ ምክንያት አትጠይቀኝ" አልኩት። አንድ ጊዜ ቆመልኝ። አልጠየቀኝም።

ደጋው ጭጋግ ነበር። ወንድሜ ግቢ ደረስኩ፣ ቤት አልገባሁም። አልተጠራሁማ። ከቀርከሃው አጥር ጥግ፣ ላሚቱ ከታሰረችበት ፊት ለፊት፣ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩና ጨርቄን ፈታሁ።

ወጣ። አየኝ።

"ምን ታደርጋለህ እዚህ?"

"ምሳዬን እበላለሁ።"

"ልትናዘዝ መጥተህ ነው?"

"አይደለም።"

"እንግዲያው ከኔ ገበታ አትበላም።"

"ከራሴ ነው የምበላው። ደጃፍህ ላይ መቀመጥ ከከለከልከኝ ደግሞ መንገዱ ላይ እቀመጣለሁ። ነገም እመጣለሁ። ሥራ አጥቻለሁ፣ በሩን ወስደውብኛል፤ ጊዜ ሞልቶኛል።"

ቆመ። ጋቢውን ሰበሰበ፣ ሰማዩን አየ፣ ላሚቱን አየ። ቀጥሎ እጄን ሲያይ አየሁት። ድንቹን የያዝኩበትን እጅ፤ አልተርገፈገፈም።

"ሆድህ… ይሄዳል?" አለ ዝቅ ብሎ።

"መንገድ ላይ ሚኒባስ አስቁሜያለሁ።"

ከንፈሩ ጫፍ ሳቅ መጣና ዋጠው። ጨርቁን ወደሱ ገፋሁት።

"ብላ" አልኩት። "ከስተሃል።"

"ከአንተ ጋር አልበላም ብያለሁ።" ግን ጎንበስ አለና አንዷን ድንች አነሣ። "ይቺን ለላሚቱ ልስጣት" አለ፤ ወደ ላሚቱ ሳይሆን በቤቱ ጎን ዞሮ ሄደ።

ላሚቱ እዚያው ፊቴ ታስራ ቆማለች። ሁለታችንም ጠበቅን። ጥቂት ቆይቶ ከቤቱ ጀርባ የድንች ልጣጭ ተወርውሮ መጣና እግሯ ሥር ወደቀ፤ ልጣጩ ብቻ። ጎንበስ ብላ በላችው። እኔም ሁለተኛዬን ድንች መላጥ ጀመርኩ።